ያልሰማሁት ጭብጨባ

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ወልድያ ስንመለስ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በሮች ተገንጥለው፣ መደርደሪያዎቹም ተገልብጠው ነበር። ወረቀቱ ከግቢው አልፎ እስከ አስፋልቱ ተበትኗል። ከጠፉት ማኅደሮች አንዱ የመሪዎች የሹመት ንግግር የሚቀመጥበት ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም አዲሱ ኃላፊ ቤቴ ድረስ ሰው ልኮ፣ «ያንን ማኅደር ከእርስዎ በቀር የሚያስታውስ የለም። ንግግሮቹ በምን ይመሳሰሉ እንደነበር፣ በምን ይለያዩ እንደነበር ይጻፉልን» አለኝ። ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል ብሎ ነበር። ስጀምረው ግን ስለ ንግግሮቹ ብቻ መጻፍ አልሆነልኝም። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ከመጀመሪያው እጽፋለሁ፤ የሚጠቅመውን እሱ ይምረጥ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ ወልድያ ላይ የተቀጠርኩት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው። ክፍላችን አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ሬዲዮና አንድ ቴፕ ነበረው። ሥራችን በሬዲዮ የሚተላለፈውን ታላላቅ ንግግር በቴፕ ቀድቶ፣ ወደ ወረቀት ገልብጦ፣ በማባዣ አባዝቶ ለየወረዳው መላክ ነበር። ጋዜጣ ወልድያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ብዙው ሰው መሪው ምን እንዳለ የሚሰማው ከእኛ ወረቀት ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ እርገጤ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የማያበዙ ሰው ነበሩ። አዲስ ንግግር ሲቀዳ መጀመሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። በዚያ ጊዜ አንዲት ፊደል አይጽፉም። ከዚያ ቴፑን መልሰው ያጠነጥኑና ቃሉን በቀለም፣ ድምፁን በእርሳስ ይጽፋሉ። «ድምፅ» የሚሉት ከተናጋሪው አፍ ያልወጣውን ሁሉ ነው፤ ጭብጨባውን፣ መፈክሩን፣ ሳሉን፣ ዝምታውን። አጭር ጭብጨባ አንድ ሰረዝ፣ ረጅሙ ሦስት ሰረዝ ነው። በታይፕ ሲመታ ሰረዙ በቅንፍ ውስጥ «ጭብጨባ» ወይም «ረጅም ጭብጨባ» ይሆናል።

«የሺ፣ ቃሉ የተናጋሪው ነው» ይሉኝ ነበር። «ብንሳሳት ጋዜጣው ያርመናል። ድምፁ ግን የሕዝቡ ነው። እሱን ብንሳሳት ማን ያርመናል?»

«ካልተሰማስ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ካልተሰማ አልተሰማም ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

«አለቃ ይቆጣል።»

«ይቆጣ። ቁጣውንም ካሻሽ በእርሳስ ጻፊው።»

ሌላው ልማዳቸው የባትሪ ድንጋይ ነበር። መብራት እያለም ቢሆን ቴፑ ውስጥ አዲስ ድንጋይ ሳይገባ ንግግር አይቀዱም። ድንጋይ ከንብረት ክፍል ለማውጣት ቅጽ መሙላትና ሦስት ሰው ማስፈረም ያስፈልጋል። አንዱ ፈራሚ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ጋሽ እርገጤ ስብሰባው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ በልቤ ነገር ያበዛሉ እል ነበር።

የሹመት ንግግሮቹን ማኅደር የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ አንድ ግልባጭ ያስቀራሉ። ሥራ በሌለ ቀን ሁለት ንግግር ጎን ለጎን ዘርግተው፣ «እስቲ እነዚህን አነጻጽሪ» ይሉኛል። መጀመሪያ የምናነጻጽረው ቅንፎቹን ነው፤ ቃሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ንጉሡ «እኛ» ሲሉ ራሳቸውን ማለታቸው ነበር። ንግግራቸውን የሚያቋርጥ አልነበረም፤ ሰው የሚያጨበጭበው ሲጨርሱ ነው። ገጹ ንጹሕ ነበር። ደርግ ሲመጣ «እኛ» የሚለው ብዙ ሰው ሆነ፤ ጭብጨባውም ንግግሩ መሐል ገባ፤ መፈክር ተጨመረበት። አንዳንዱ ገጽ ላይ ከቃሉ ይልቅ ቅንፉ ይበዛ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሬዝዳንቶች ንግግራቸው አጠር፣ ለስለስ አለ። ምክር ቤቱን ማመስገን በዛ፤ ጭብጨባውም ረጋ ያለ፣ ሁሉም እኩል ጀምሮ እኩል የሚያቆመው ዓይነት ሆነ። አሁን አሁን ደግሞ ሳቅ መጣ። ጋሽ እርገጤ ለሳቅ ምልክት አላበጁለትም ነበር። ቢኖሩ ምን ምልክት ያደርጉለት እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።

የሚመሳሰሉበትም አለ። ሁሉም ያለፈው ጊዜ ከባድ ነበር ይላሉ። ሁሉም ስለ ሰላም ያወራሉ። ሁሉም ለሀገር የወደቁትን ያነሣሉ፤ የሚያነሧቸውም ንግግሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ወደ እርሻና ወደ ልማት ከመሻገራቸው በፊት ነው። በደርግ ጊዜ ገጾች ላይ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ የጋሽ እርገጤ ሦስት ሰረዝ አለ። ለምን እዚያ ላይ እንደሚጨበጨብ ጠይቄያቸው ነበር። «እኔ የምጽፈው የሰማሁትን ነው፤ ለምን እንደሆነ አጨብጫቢውን ጠይቂ» አሉኝ።

በመሐል ሁለት ዓመት መርሳ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ወረቀታችን መድረሻው ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚያ ነው። ሰው ከየገበሬ ማኅበሩ ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። አንባቢው በርጩማ ላይ ይቆማል። እኛ በቅንፍ ያስቀመጥነውንም እንደ ቃሉ ያነበዋል። «ረጅም ጭብጨባ!» ይልና ወረቀቱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ራሱ ይጀምራል። ሰውም ይከተለዋል። ከጎን የማያጨበጭበውን የሚያይ ሰው ይቆማል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ ጌታው፣ ለሞፈሩም እጅ ይትረፍልን!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አንባቢው ተደናግሮ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «ይኼ እዚህ የለም» አለ።

ይባስ ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወልድያ ላይ በቅንፍ የጻፍነው መርሳ ሲደርስ ትእዛዝ እንደሚሆን ያን ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። ሳላውቅ ነው እንዳልል ነው ይህን የምጽፈው።

ወደ ወልድያ ከተመለስኩ በኋላ አገሪቱ ሪፐብሊክ ተብላ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ተሾሙ። ጋሽ እርገጤ በዚያ ሳምንት እህታቸው ሞተውባቸው ጉባ ላፍቶ ለቅሶ ሄደዋል። ቴፑ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። የባትሪ ድንጋዩን ቅጽ አልሞላሁም። ሳምንቱን ሙሉ መብራት አልጠፋም፤ ፈራሚዎቹም በበዓሉ ዝግጅት ተጠምደዋል። ንግግሩ ግማሽ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመለስ ስለ እርሻ እየተወራ ነበር።

የጎደለው ቃል ከሁለት ቀን በኋላ በጋዜጣ መጣ። ስለወደቁት የተነገረው እዚያ ውስጥ ነበር። ጋዜጣው ግን ድምፅ አይጽፍም።

የዚያን ጊዜው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ፣ «ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጓድ፣ መብራት የሄደበት ላይ ድምፁ የለኝም።»

«የምን ድምፅ?»

«ጭብጨባው።»

«እና ስለ ሰማዕታት ሲነገር አዳራሹ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ልትይ ነው?»

«አልሰማሁም ነው የምለው።»

«መኪናው ነገ ጠዋት ወደ መርሳ ይወርዳል» አለኝና ወጣ።

ጨምሪ አላለኝም። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ከማኅደሩ የቀደሙትን የደርግ ጊዜ ንግግሮች አወጣሁ፤ አነጻጸርኩ። በሁሉም ላይ ያ ቦታ ሦስት ሰረዝ አለው። ለማባዣው በማዘጋጀው ስቴንስል ላይ «ረጅም ጭብጨባ» ብዬ መታሁ። ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ፤ ግን የፈራሁ አይመስለኝም። ቦታው ባዶ ሲሆን ሥራዬ ያላለቀ መሰለኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ያጨብጭብ፣ በዝምታ ይቁም፣ ያልቅስ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሽ እርገጤ ከለቅሶ ሲመለሱ ግልባጩን አነበቡት። እዚያ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«መብራት ሄዶ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ሄዶ ነበር።»

«ታዲያ ይህን በምን ሰማሽው?»

«የባትሪ ድንጋይ ነበረኝ» አልኩ።

የድንጋዩን ሳጥን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ባዶ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ወረቀቱን ማኅደሩ ውስጥ አስገቡና ደህና ዋዪ ሳይሉኝ ወጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ከዚያ ቀን በኋላ አነጻጽሪ ብለውኝ አያውቁም። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

መንግሥት ተለወጠ። ማባዣው ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ። የቢሮው ስም ሦስት ጊዜ ተቀየረ። እኔ እዚያው ወንበር ላይ አርጅቼ፣ የጡረታ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ያችን ቅንፍ አልረሳኋትም፤ ግን የወረቀት ስሕተት ናት ብዬ ነበር የማስባት።

ጦርነቱ ወልድያ የደረሰ ጊዜ ብቻዬን ነበር የምኖረው። ጎረቤቴ ሉባባ ቲማቲምና ሽንኩርት ትነግዳለች። አጥሩን ተሻግራ መጥታ፣ «እትዬ የሺ፣ ተነሡ እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?» አለችኝ።

«ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?»

«ቤት ራሱን ይጠብቅ! እናቴ ጋ ግራና እንሄዳለን።»

ከፊሉን በባጃጅ፣ ከፊሉን በእግር ሄድን። መርሳ ላይ ሰው አስፋልቱን ሞልቶ ወደ ታች ይሄድ ነበር። ከየት ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ አልነበረም። ውጊያው ሰሜን ነው ሲባል ወደ ደቡብ፣ ደቡብም ተይዟል ሲባል ወደ ጎን። ግራና በገባን በጥቂት ቀን ውስጥ ወልድያን የያዙት ታጣቂዎች እዚያም ደረሱ። መንገዱ ከፊትም ከኋላም ተዘጋ።

የሉባባ እናት እትዬ ሩቅያ ከእኔ በአምስት ዓመት ያህል ይበልጣሉ። በሩ ላይ አቅፈው ሳሙኝ።

«ግቢ እታለም፣ ግቢ። እኛ እስላም ነን፣ አንቺ ክርስቲያን ነሽ፤ የሥጋው ነገር እንዳያስጨንቅሽ። ሥጋ የለም!»

አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ከሉባባ ጋር መሬት ተኙ። እምቢ ብል፣ «እንግዳ ነሽ፣ ዝም በይ» አሉኝ። ያለውን ማሽላ አብረን በላን። የእኔ ድርሻ ከእሳቸው ድርሻ አንሶ አያውቅም።

መብራት ስለሌለ የቧንቧ ውኃ ቆሟል። ውኃ ከምንጭ ነበር የሚቀዳው፤ ሰልፉ ረጅም ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከእትዬ ሩቅያ ጋር ሄድኩ። ጀሪካናቸውን ሊደቅኑ ሲሉ ከኋላ ያለች ጎልማሳ ሴት ገፋቻቸው።

«ተራዬ ነው ልጄ» አሏት።

«ተራ ነው የምትይ? አንቺ ደግሞ ምን ተራ አለሽ? በልጅሽ ሞት ያጨበጨብሽ!»

እትዬ ሩቅያ ሴትየዋ እስክትቀዳ ጠበቁ፤ ከዚያ ቀዱና ሄድን። መንገድ ላይ የተናገሩት ስለ ውኃው መደፍረስ ብቻ ነው።

ሉባባን ጓሮ አግኝቼ ምን ማለቷ ነው አልኳት።

«አሮጌ ነገር ነው እትዬ፣ ይተዉት» አለች። ከአጠገቧ ስላልሄድኩ ግን ነገረችኝ። «ሰይድ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እኔ ሕፃን ሆኜ ነው፤ ሲወራ የሰማሁትን ነው የምነግርዎ። ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። መርዶው በመጣ በወሩ ፕሬዝዳንት ተሾመ ተባለና ሰው ተሰበሰበ። ከወልድያ የመጣ ወረቀት ተነበበ። ስለሞቱት ወታደሮች ያለው ጋ ሲደርስ ረጅም ጭብጨባ ተባለ። እናቴ አጨበጨበች።»

«ሌላው ሰው አላጨበጨበም?»

«ሁሉም አጨበጨበ እንጂ። የሁሉም ልጅ ግን አልሞተም። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲያ እስኪሞት ድረስ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላም። አገሩም ስሟን ጣለው፤ አጨብጫቢዋ ነው የሚላት።»

ጓሮው ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። ወረቀቱ የእኔ ነበር። ሌላ ወረቀት ይሆናል ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ፤ ወልድያ ላይ ያን ሥራ የሚሠራ ሌላ ክፍል አልነበረም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አዲስ መንግሥት ይመሠረታል ተባለ። ሉባባ ከእህል ጎታ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ሬዲዮ አወጣች። እኩለ ቀን ላይ፣ በሩን ዘግተን፣ ጋቢ ሸፍነንባት ሦስታችንም ጆሮአችንን አስጠግተን ሰማን። እኔ ከልማዴ ጣቴን ጉልበቴ ላይ እያስኬድኩ ሰረዝ አደርግ ነበር። ጭብጨባ መጣ።

እትዬ ሩቅያ ጣቴን አዩ። «የሺ፣ የዚህ ሥራ ሰው ነሽ አሉ። ይኼ የሚሰማው ጭብጨባ የእውነት ነው?»

«የእውነት ነው እትዬ። ሰው ሲያጨበጭብ ነው።»

«ያኔስ? ያ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሲሾም፣ ስለሞቱት ልጆች ሲናገር፣ እዚያ ያሉት ሰዎች አጨብጭበው ነበር?»

ሉባባ ሬዲዮውን ዘጋችው። ሁለቱም ያዩኝ ጀመር።

«ብዙ ዘመን ሆነው» አልኩ። «አላስታውስም።»

«አላህ ያስታውስሽ። ስታስታውሺ ንገሪኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠየቁኝም። ጠዋት ጠዋት ግን አደርሽ ካሉኝ በኋላ ትንሽ ቆም ይሉ ነበር። ቢያባርሩኝ የምሄድበት አልነበረኝም፤ መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ዝም ብል ደግሞ አልጋቸው ላይ ተኝቼ፣ እህላቸውን እየበላሁ ከጋሽ እርገጤ ቀጥሎ የምዋሻቸው ሁለተኛ ሰው ይሆናሉ። በመጨረሻ ያስወሰነኝ ሌላ ሐሳብ ነው። ብናገር ይገላገላሉ ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሳቸው አይደለም። ይህን ሲሰሙ ስሙ ከላያቸው ይወርዳል አልኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ማሽላ ስንለቅም፣ «እትዬ፣ አስታወስኩ» አልኳቸው።

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መብራቱን፣ የባትሪ ድንጋዩን፣ ጋዜጣውን፣ ማነጻጸሬን። «ያጨበጨቡት እኔ በጻፍኩት ነው። እዚያ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ፈርተው ላደረጉት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ፈርቼ?» አሉ።

ማሽላውን መልቀም ተውኩ።

«አንቺም ፈርቼ መሰለሽ? አባቱም ፈርታ ነው አለ። ሌላው ደግሞ አብዳ ነው አለ። ወላሂ አልፈራሁም።» ሰፌዱን አስቀመጡት። «ያ ሰውዬ ረጅም ጭብጨባ ሲል፣ ለካስ እዚያ ትልልቆቹ ሰዎች ተነሥተው ለሰይድ አጨበጨቡለት ብዬ ነው። ለእኔ ልጅ! ግራና ለተወለደ ልጅ! እነሱ ሲያጨበጭቡለት እናቱ ልቅር? ብዬ ነው። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።»

ማሽላው ላይ አንድ ዶሮ መጥታ ስትለቅም ያባረራት አልነበረም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሲሰድበኝ፣ እናንተ አታውቁም፣ አዲስ አበባ ተጨብጭቦለታል እል ነበር በሆዴ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«የቱን?»

የጻፍኩትን ይሁን፣ የነገርኳቸውን ይሁን፣ ለየትኛው ይቅርታ እንደጠየቅሁ እኔም አላውቅም ነበር። አሁንም ለይቼ አላውቀውም። ሰው የሚገላገል መስሎኝ የያዘውን አንድ ነገር ነጠቅሁት። ባልናገርስ ኖሮ? እሱም ትክክል አይመስለኝም።

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ምግብ ያቀርቡልኛል፤ አልጋውም እንደተለቀቀልኝ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሉባባ የዱቤ ደብተር የተቀደደ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ።

«ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ?»

«የሰማሽውን።»

«አልሰማሁም እኮ እትዬ።»

«እሱን ጻፊ።»

በጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። «ፕሬዝዳንቱ ስለወደቁት ሲናገሩ ወልድያ ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰው ማጨብጨብ አለማጨብጨቡን ጸሐፊዋ አልሰማችም። ‹ረጅም ጭብጨባ› የሚለውን የጨመረችው ራሷ ናት።» ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት፤ አነበብኩላቸውም።

«ሰይድ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አሉ።

«ስሙ ንግግሩ ውስጥ አልነበረም። የማንም ስም አልነበረም።»

«ጨምሪው።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። «ያልተባለ ነገር መጨመር ጥሩ አይደለም እትዬ። የበደልኩዎ በዚሁ ነው።»

«ያንኛውን ስትጨምሪ ማን ለመነሽ?» አሉኝ። «አሁን እኔ እየለመንኩሽ ነው።»

የአባቱን ስም ጠየቅኋቸው። ከፊርማዬ በላይ በቀረው ቦታ፣ «ከወደቁት አንዱ ሰይድ ይማም ነው፤ የግራና ልጅ፣ የሩቅያ ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። ልክ መሥራቴን ወይም ዳግመኛ መሳሳቴን የምጠይቀው ሰው አልነበረም። እትዬ ሩቅያ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ እንደሚችል ሰው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጀሪካናቸውን አነሡ።

«ተነሽ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ምንጩ ጋ ነዋ። እኔ ማንበብ አልችልም።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጻፍኩትን በሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። ሰልፉ እንደ ወትሮው ረጅም ነበር። ያችም ሴት ነበረች። እትዬ ሩቅያ ጀሪካናቸውን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጡና ወረቀቱን ሰጡኝ። ቆሜ አነበብኩ። ስጨርስ አንዷ ይቺ ደግሞ ማን ናት ብላ ጠየቀች። አንድ ሽማግሌ የትኛው መብራት ነው የጠፋው አሉ። የቀረው ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

ያች ሴት ወገቧን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «እሺ፣ አሁን ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

ወደ እትዬ ሩቅያ ዞርኩ። እሳቸው ሴትየዋን አላዩዋትም።

«ስሙ ያለበትን ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት።